ከሹፌር ወንበር እስከ ራስ መኮንን አዳራሽ

እኔ ሹፌር ነኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የታሪክ ንግግር አለ ሲባል «እሱ ለተማሩት ነው» ብሎ ከሚያልፈው ሰው አንዱ ስለነበርኩ ነው። አሁንም እንደዚያ የሚያስብ ብዙ ሰው መኪናዬ ውስጥ ስለሚቀመጥ ይህን ለመጻፍ ተነሳሁ።

በላዳ ዘመኔ ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ በቀን ብዙ ጊዜ እመላለስ ነበር። የሰማዕታቱን ሐውልት እዞራለሁ፣ የዩኒቨርሲቲውን በር አልፋለሁ፣ ተማሪ እጭናለሁ፣ ተማሪ አወርዳለሁ። ግቢው ውስጥ ግን አንድም ቀን እግሬ ገብቶ አያውቅም። ማንም አልከለከለኝም። ራሴው ነኝ የከለከልኩት።

የገባሁት በአንድ ተሳፋሪ ምክንያት ነው። በ2007 የካቲት ውስጥ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ጫንኩ። «ስድስት ኪሎ ግቢ» አሉኝ። መንገድ ላይ ሬዲዮው ስለ የካቲት 12 ያወራ ነበር። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ታሪክ ትወዳለህ እንዴ?» አሉኝ።

«ታሪክ የማይወድ አለ ጋሼ?»

እውነቱን ለመናገር የምወደው ወሬውን ነበር። ሲወርዱ ሂሳቡን ከፈሉኝና «ንግግር ልሰማ ነው የመጣሁት፤ መመለሻም ያስፈልገኛል። ውጭ ቁጭ ብለህ ከምትጠብቀኝ ለምን አብረን አንገባም?» አሉኝ። እኔን ያስገቡኛል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «መታወቂያ ይዘሃል?» ይዣለሁ። «ታዲያ ምን ቸገረህ?»

ጥበቃው ኪሴን ፈተሸ፣ መታወቂያዬን አየ፣ የት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ራስ መኮንን አዳራሽ፣ የታሪክ ንግግር አልኩ። ግባ አለኝ። በቃ። ስንት ዓመት የፈራሁት በር አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

አዳራሹ ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቢያስወጡኝ ቶሎ ልውጣ ብዬ ነው። ማንም ዞሮ አላየኝም። ከጎኔ አንዲት ሴትዮ ከነዘንቢላቸው ተቀምጠዋል። ከፊቴ ሁለት አባት አርበኞች ሜዳልያቸውን ደርድረዋል። ተማሪው ደግሞ ስልኩን ይነካካል። «የተማረ ሰው ስብሰባ» ብዬ የሣልኩት ሥዕል እዚያው ፈረሰ።

ተናጋሪው የታሪክ መምህር ነበር። አጀማመሩን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የተፈጸመው ሩቅ አገር አይደለም። በዚህ ግቢ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ ሐውልቱን ስዞር ነገሩ የሆነው ሐውልቱ ያለበት አደባባይ ላይ ይመስለኝ ነበር።

ስድስት ኪሎ ግቢ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ የእንደራሴው መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 እንደራሴው ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል ተወለደ ብሎ እዚሁ ግቢ ለድሆች ገንዘብ ሲያስመጸውት ነው አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ የፋሺስት ፓርቲው የአዲስ አበባ አለቃ ጉዊዶ ኮርቴሴ ለጥቁር ሸሚዞቹ፣ ለፋሺስቱ ታጣቂዎች፣ እንዳሻቸው እንዲገድሉ የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጠ። ከተማው ተቃጠለ፣ ሰው አለቀ።

ይህን ከሞላ ጎደል አውቀው ነበር። የማላውቀው ቀጥሎ የመጣውን ነው። መምህሩ ሁለቱ ልጆች ከከተማ እንዴት እንደወጡ ሲናገር «ስምዖን አደፍርስ የሚባል ታክሲ ነጂ ነበር» አለ። ታክሲ ነጂ! ጀርባዬን ከወንበሩ አነሳሁ። ስምዖን የሴራው ተካፋይ ነበር። በመኪናው ወደ ደብረ ሊባኖስ ያሸሻቸው እሱ ነው። በኋላ ተይዞ፣ ተሠቃይቶ ሞተ። አብርሃና ሞገስ የሚባሉ ስሞችን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ሦስተኛውን ስም ግን፣ ያውም የሙያ ባልደረባዬን፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ መስማቴ ነው።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ እጄን አወጣሁ። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም። ማይኩ ደረሰኝ። ስሜን ተናገርኩ፣ ሹፌር መሆኔን ተናገርኩ፣ ስለ ታክሲ ሥራ ክብደት ተናገርኩ፣ ስለ ነዳጅ ሳይቀር ነካ አደረግኩ፣ ስለ አያቶቻችን ጀግንነት ተናገርኩ። መድረክ መሪው «ጥያቄውን ወንድማችን» አለኝ። ጥያቄው ጠፋብኝ! «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ጆሮዬ ጋለ።

በኋላ እንደተረዳሁት «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» የሚለው አባባል በነዚህ አዳራሾች ውስጥ በጣም የታወቀ ነው። ሰው ሲሰማው ሰዓቱን ያያል።

ስንመለስ ሽማግሌው «ምን ልትጠይቅ ነበር?» አሉኝ። «የስምዖን መኪና ምን ዓይነት ነበረች፣ እሱ ከተያዘ በኋላስ የት ደረሰች ልል ነበር» አልኳቸው። «ታዲያ እሱን አትልም? እሱ እኮ ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉኝ። ቀጥለው የነገሩኝን ነው እስከ ዛሬ ይዤው የምዞረው። የታሪክ ንግግር ላይ ስትሄድ ሌላ ጥያቄ ቢጠፋህ አንድ አይጠፋህም፤ በምን አወቅን? በል። ማን አየ፣ ማን ጻፈ፣ መቼ ጻፈ። ሰውዬው በጡረታ ላይ ያሉ መዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆናቸውን ያወቅኩት በሌላ ቀን ነው። ያን ጊዜ ፕሮፌሰር መስለውኝ ነበር።

ያቺ ጥያቄ ምን እንደምታደርግ በሌላ ንግግር ላይ አየሁ። ጉዳዩ የየካቲት 12 ሟቾች ቁጥር ነበር። እኛ ስናድግ የሰማነው 30 ሺህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ቁጥር እሱ ነው። ተናጋሪው ግን ኢያን ካምቤል የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ለዓመታት አጥንቶ 19 ሺህ ገደማ እንዳለ ሲናገር አዳራሹ ተንጫጫ። እኔም ተናደድኩ። ሰው ቀነሱብን አልኩ በሆዴ። አንድ ወጣት ተነስቶ ጮኸ። ሌላው መለሰለት። አንድ ሰው ወጥቶ ሄደ።

ያኔ አንዲት ልጅ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ብትሆን ነው፣ ረጋ ብላ «ሁለቱም ቁጥሮች እንዴት እንደተቆጠሩ ቢያብራሩልን?» አለች። አንድ ዓረፍተ ነገር። ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህሩም ተራ በተራ ምንጮቹን ማስረዳት ጀመረ። ያዩ የውጭ አገር ሰዎች የጻፉት አለ። ለምሳሌ ላዲስላስ ሳቫ የሚባል የሃንጋሪ ሐኪም ያየውን ጽፏል፤ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ታዘጋጀው የነበረ ጋዜጣም አትሞለታል። የጣሊያኖች የራሳቸው ቴሌግራም አለ። ከእልቂቱ የተረፉ ሰዎች ቃል አለ። ከዚያ ሰፈር በሰፈር የተደረገ ግምት አለ።

ቀጥሎ ስለ ደብረ ሊባኖስ ነገረን። ግራዚያኒ ገዳሙ ቦምብ ወርዋሪዎቹን ደብቋል ብሎ በግንቦት 1929 መነኮሳቱን አስጨረሰ። ለሮም የላከው ቁጥር 297 መነኮሳትና 23 «ተባባሪዎች» የሚል ነው። ከቀናት በኋላ 129 ዲያቆናት ጨመረ። ይህ 449 ይሆናል። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን ቦታው ድረስ ሄደው፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቀው፣ የተገደሉት ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርሱ ጻፉ። «አያችሁ፣» አለ መምህሩ፣ «ያው ሰው፣ ያው አሠራር ነው። አንዱ ጋ ቁጥሩን አወረደው፣ ሌላው ጋ አወጣው።»

ንዴቴ በረደ። እስከዚያ ቀን ድረስ ታሪክ ማለት ለኔ ወገን መያዝ ነበር። ትልቁን ቁጥር የያዘ ጀግና፣ ትንሹን የያዘ ባንዳ። አሁን ቁጥር ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ቆጣሪው ነው።

እንግዲህ እናንተም መሄድ ብትፈልጉ ትንሽ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። መቼ ምን እንዳለ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የዩኒቨርሲቲውንና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ገጽ በፌስቡክና በቴሌግራም መከታተል ነው። በር ላይና ሕንፃዎች ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም አለ። ወሩ የካቲት ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁን ግለጡ። የካቲት 12 እና የካቲት 23 በአንድ ወር ስለሚውሉ የዓመቱ ብዙ ንግግር ያኔ ነው። ሚያዝያ መጨረሻም የድል በዓል አለ። መታወቂያ እንዳትረሱ። በር ላይ «የሆነ ስብሰባ አለ መሰለኝ» አትበሉ። የንግግሩን ርዕስና አዳራሹን በስሙ ጥሩ። የማስታወቂያውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ብትይዙ ደግሞ ነገር ያሳጥራል። መኪና ካላችሁ ውጭ አቁሙና በእግራችሁ ግቡ፤ ሹፌር ነኝ፣ እመኑኝ።

ሰዓትን በተመለከተ፣ ፕሮግራም በአገራችን እንዴት እንደሚጀመር ታውቃላችሁ። እኔ ግን ከተባለው ሰዓት በፊት ነው የምደርሰው፤ ምክንያቱም ግቢው ራሱ ንግግር ነው። ከድሮው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ወደ የትም የማይወስድ ደረጃ ቆሟል። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዷ እርከን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሄደውን አንድ አንድ ዓመት ትቆጥራለች። ከድል በኋላ ደግሞ የኛ ሰዎች ጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት። ደረጃውን አላፈረሱም፤ ላዩ ላይ ቁጭ አሉበት! እኔ እንደዚያ ዓይነት ቀልድ ደስ ይለኛል። እርከኖቹን ሄዳችሁ ቁጠሯቸው።

ሕንፃው ውስጥ ሙዚየም አለ። የተቋሙ ሙዚየም ነው፤ ተቋሙን እ.ኤ.አ. በ1963 ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ባልደረቦቹ ናቸው ያቋቋሙት። ዕቃዎቹ የተደረደሩት እንደ ሰው ዕድሜ ነው። ከልደት ይጀምራል፣ ልጅነት፣ ጋብቻ እያለ እስከ ሞት ይሄዳል። የጃንሆይ መኝታ ቤትም እንዳለ ተቀምጧል። ይኸው ቤተ መንግሥት በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው፣ የታገቱት ባለሥልጣናት አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል የተገደሉበት ነው። በቀጣዩ ዓመት ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ይህን ሁሉ አይታችሁ አዳራሽ ብትገቡ የሚነገራችሁ ነገር መሬት ይይዝላችኋል።

ቋንቋ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። አንዳንዱ ንግግር በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንዱ ተቀላቅሎ ነው። ግማሹ ሳይገባኝ የተመለስኩበት ቀን አለ። ቢሆንም ስሞቹንና ዓመታቱን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ጥያቄና መልሱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አማርኛው ስለሚመለስ የጎደለኝን እሞላለሁ። ካልሞላም ሻይ አለ። የሻይ ሰዓትን እንዳትንቁ! ብስኩትና ሻይ ይዞ የቆመ መምህር መድረክ ላይ ከቆመው ይልቅ ብዙ ይናገራል። መድረክ ላይ «ይህ ጥናት ይፈልጋል» ያለውን ሻይ ላይ «እኔ በበኩሌ የሚመስለኝ...» ይላችኋል።

አቀማመጥም ለውጫለሁ። አሁን የምቀመጠው መሃል ላይ፣ መተላለፊያው ዳር ነው። ማይክ የሚዞረው በዚያ ነው። ጥያቄዬን አስቀድሜ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ፤ ከሁለት መስመር ካለፈ እሰርዘዋለሁ። ራሴን በስሜ ብቻ አስተዋውቃለሁ። ሹፌር ነኝ ማለቱን ትቼዋለሁ። አይጠቅምም፤ ሰውም ያኔ የሚያዳምጠው ጥያቄውን ሳይሆን ሹፌሩን ነው።

የስምዖንን መኪና ነገር በዓመቱ ጠየቅኩ። በሁለት መስመር። መምህሩ ፈገግ አለና «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ ያነበብኳቸው ላይ አላገኘሁትም። አንተ ብታገኝ ንገረኝ» አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። የእናቴ አጎት ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። በ1922 የተወለዱ የጉለሌ ልጅ ነበሩ። ቤተሰቡ በሙሉ «አባባ የካቲት 12ን ጋን ውስጥ ነው ያሳለፉት» እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልዱን ሃያ ዓመት ሰምቻለሁ። አንድም ቀን ግን ቁጭ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ከነዚያ ንግግሮች በኋላ ግን እረፍት አጣሁ። በ2010 መጀመሪያ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነበር፣ አንድ እሑድ ስልኬን ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ «እንዴት ነበር አባባ?» አልኳቸው። «ክፉ ነበር» አሉኝ፤ አለቀ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ አጠያየቄን ቀየርኩ። ጋኑ የት ነበር የቆመው? ማን ነው ያስገባዎት? ክዳን ነበረው? ምን ይሰማዎት ነበር? ያኔ ነገሩ ተፈታ። እናታቸው ናቸው ያስገቧቸው። የጠላ ጋን ነው፤ ጌሾው ይሸታል። «መጀመሪያ ውሻው ይጮህ ነበር» አሉኝ። «ከዚያ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ዝም አለ። እኔን ያስፈራኝ ያ ዝምታ ነው።» እኔ ደግሞ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ጥሪ እንዳይገባበት የአውሮፕላን ምልክቷን ነክቼ፣ ዝም ብዬ ነበር። ዝም ማለት ከባዱ ነገር ነው። ሽማግሌ ዝም ሲል ሞልታችሁ አትናገሩ፤ ተመልሶ ይመጣል።

በዚያው ዓመት የካቲት አባባን ይዣቸው ስድስት ኪሎ ሄድኩ። ሙዚየሙን እየተደገፉ አዩ። የጃንሆይን አልጋ ቆመው ካዩ በኋላ «ይቺ ናት?» አሉ። አስጎብኚው ሳቀ። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ያ የቁጥር ክርክር ተነሳ፤ ሁሌም ይነሳል። 30 ሺህ፣ 19 ሺህ። አባባ እጃቸውን ከከዘራቸው ላይ አነሱ። መድረክ መሪው ሁለት ደቂቃ ሰጣቸው።

«እኔ 30 ሺውንም 19 ሺውንም አልቆጠርኩም» አሉ። «እኔ የማውቀው ከኛ አጥር ወዲህ ስድስት ሰው መቅበራችንን ነው።» ከዚያ ስማቸውን መጥራት ጀመሩ። አራቱን ጠሩ፤ አምስተኛው ላይ ቆሙ። ስሙ ጠፋባቸው። አዳራሹ ጠበቃቸው። መድረክ መሪው ሰዓቱን አላየም። አልመጣላቸውም። «የአናጢው ልጅ ነበር» ብለው ተቀመጡ። ተናጋሪዋ፣ የዚያን ቀን ሴት ነበረች፣ ደብተሯን ይዛ ከመድረክ ወርዳ ከጎናቸው ተንበረከከች።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አባባ ከዚያ በኋላ ተወዳጅ ሆኑ። ስልክ የሚደውል በዛ። አንዱ ሰው፣ ከየት እንደመጣ ልተወው፣ ለጥናት ነው ብሎ የአባባን አባት ብቸኛ ፎቶግራፍ ወሰደ። እስከ ዛሬ አልመለሰም። ስልኩም አይነሳም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አምኜ በእጄ ነው የሰጠሁት። እናንተ ዋናውን ለማንም አትስጡ። እናንተው ዘንድ ፎቶ ይነሳ፣ ወይም ኮፒ ያድርጉ። የግድ ከሆነ ደግሞ ስም፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀበሉ። የድምፅ ቅጂም እንደዚያው ነው። እኔ የአባባን ድምፅ ሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። አንዱ ፍላሽ እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከወርቋ ጋር ነው ያለው።

ሽማግሌ ይዛችሁ ስትሄዱ ደግሞ ቦታውን አስቀድማችሁ እዩ። ይህን የተማርኩት በሌላ ከተማ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው። የእድራችንን አሥራ አንድ ሰው በሚኒባስ ጭኜ ሄድኩ። ለመስማት ብለው ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስተው ነው የመጡት። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ሆነ። ሊፍቱ አይሠራም። ግማሾቹ ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ። መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። ማይኩ ጮሆ ጮሆ ዝም አለ፤ ተናጋሪው በባዶ ድምፁ ቀጠለ፤ ከኋላ የተቀመጥነው ምንም አልሰማንም። ስንመለስ የእድሩ ዳኛ «ለሚቀጥለው ስትጠራን ቅርብ ይሁን» አሉኝ በጨዋ አንደበት። ከዚያ ወዲህ ስልክ ደውዬ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ስንት ነው፣ መጸዳጃው የት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። የሚያነሳው ሰው ይገረማል። ይገረም።

ጭቅጭቁን በተመለከተም ልንገራችሁ። የታሪክ ንግግር ላይ ሰው ይጣላል። የማን አያት ምን አደረገ ሲባል ነገሩ ከ1929 ወጥቶ ዛሬ ላይ ይደርሳል። አንድ ቀን ወንበር ሲነሳ አይቻለሁ፤ ለመቀመጥ አይደለም። እንደዚያ ሲሆን እኔ ከመጮህ ይልቅ የዚያችን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጥያቄ ነው የማነሳው። ሁሌ አይሠራም። አንዳንድ ቀን ግን ይሠራል፤ ምክንያቱም «በምን አወቅን?» ሲባል የጮኸው ሰውም ያልጮኸውም መልስ መፈለግ ይጀምራል።

ሪቻርድ ፓንክኸርስት ያረፉት የካቲት 9 ቀን 2009 ነው፤ ከየካቲት 12 ሦስት ቀን ቀደም ብሎ። ቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ፤ እናታቸው ሲልቪያም እዚያው ናቸው። በቀብሩ ቀን ያ የመዝገብ ቤት ሽማግሌ ደወሉልኝ። መኪና አልፈለጉም፤ «ልትመጣ ነው ወይ?» ብለው ነው። ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንወጣ «የስምዖንን ታክሲ አገኘሃት?» አሉኝ። ገና ነኝ አልኳቸው።

አባባ በ2012 አረፉ። የአምስተኛው ሰው ስም አልመጣላቸውም። በመጨረሻው ቅጂ ላይ እንደገና ጠይቄያቸው ነበር። ረዥም ዝምታ አለ፤ ከዚያ የስኒ ድምፅ፤ ከዚያ እናቴ «ቡናው ቀዘቀዘ» ስትል ይሰማል። አባባም «የአናጢው ልጅ ነው፤ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነበር» ይላሉ። «ከወንዙ ማዶ» የሚለው አዲስ ነው። ከዚያ በፊት ብለውት አያውቁም። ጉለሌ ተሳፋሪ ይዤ ስሄድ ሽማግሌ ካየሁ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ድሮ ከወንዙ ማዶ አናጢ ያውቁ እንደሆነ እጠይቃለሁ።